እናቴ ለጌታ ሰጥታኛለች፤ እኔ ግን ሥራዬን እወዳለሁ

«ጤና ይስጥልኝ። የ31 ዓመት ወጣት ነኝ። የምኖረው ለንደን ነው። ያደግኩት ሐዋሳ፣ መካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። እዚህ ከመጣሁ በኋላ ሰፈሬ ያለ የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን መሄድ ጀመርኩ። ወንጌላዊ የሚባለው ዓይነት ነው። ስብከቱ ከመጽሐፍ ቅዱስ አይወጣም፤ ቄሳችንም አብዛኛውን እሁድ ተራ ሸሚዝ ለብሶ ነው የሚሰብከው። ሰባት ዓመት ሆነኝ። ወጣቶችን እመራለሁ፤ አልፎ አልፎም እሰብካለሁ።

በሙያዬ ኤዲተር ነኝ። የቴሌቪዥን ድራማዎችን ኤዲት አደርጋለሁ። በጣም እወደዋለሁ። አንዲት ተዋናይት ዝም ያለችባቸው ሁለት ሰከንዶች እንዳይወጡ ግማሽ ቀን ተከራክሬ አውቃለሁ። ያ ዝምታ ባይኖር ለቅሶዋ ውሸት ይሆን ነበር።

ባለፈው ዓመት ቄሳችን ቡና ጋበዘኝና «ስለ ቅስና አስበህ ታውቃለህ?» አለኝ። ለእናቴ ስነግራት አለቀሰች። እኔን ከመውለዷ በፊት ሦስት ጽንስ ወርዶባታል። «እንደ ሐና ለምኜ፣ እንደ ሐና ሰጥቼሃለሁ። ይኸው ጌታ ልጁን ጠየቀ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ በደወልኩ ቁጥር ወሬው ይኸው ነው። «ፊልም እየቆራረጡ መቀጠል ምን ነፍስ ያድናል?» ትለኛለች። የቤት ኪራይዋንና የታናሽ እህቴን የኮሌጅ ክፍያ የምልከው ግን ከዚሁ ሥራ ነው።

ሥራው ቅር የሚለኝ ጊዜም አለ። ኤዲት ከማደርጋቸው ትዕይንቶች እናቴ አጠገቤ ብትቀመጥ የማላሳያት አለ። ከህብረታችን አንድ ወንድም «ይሄን እየሠራህ እሁድ እንዴት ትሰብካለህ?» ብሎኝ ሌሊቱን ሳልተኛ አደርኩ። በዚያው ሳምንት ደግሞ አባቱ የሞተበት ባልደረባዬ፣ ምንም እምነት የሌለው ሰው፣ የኤዲቲንግ ክፍሉን በር ዘግቶ «ጸልይልኝ» አለኝ።

ሌላም አለ። የእንግሊዝ (የአንግሊካን) ቤተ ክርስቲያን ለተመሳሳይ ፆታ ጥንዶች በሚደረገው የቡራኬ ጸሎት ምክንያት ተከፋፍላለች። እኔ በጋብቻ ላይ የቆየውን ትምህርት ነው የምይዘው። እንዲህ በተከፋፈለ ቤት ቄስ ልሁን? ወይስ ሰበብ እየፈለግኩ እግዚአብሔርን እየሸሸሁ ነው?

የሐና ልጅ፣ ከለንደን»

የሐና ልጅ፣ ወንድሜ፤

ደብዳቤህን ሳነብ መጀመሪያ የያዙኝ እናትህ ናቸው። ከሦስት ኀዘን በኋላ የታቀፉህ ልጅ ነህ። እንዲህ ያሉ እናት «ሰጥቼሃለሁ» ሲሉ ያንን ሁሉ ሌሊት ይዘው ነው የሚናገሩት። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፍልህ እሳቸውን ተከራክረህ እንድትረታ አይደለም።

ግን እሳቸው የጠቀሱልህን ታሪክ ትንሽ ገፋ አድርገን እናንብበው። ሐና ሳሙኤልን ጡት ካስጣለችው በኋላ ወደ ሴሎ ወሰደችው፤ ለካህኑ ለዔሊ ሰጠችው። ስእለቷን ጨረሰች። ብላቴናውን በስሙ የጠራው ግን እግዚአብሔር ራሱ ነው። የጠራውም በሌሊት፣ እናቱ በሌለችበት ነው። ሳሙኤል ድምፁን አላወቀውም። ሦስት ጊዜ ተነስቶ ወደ ዔሊ ሮጠ። ዔሊም ያን ያህል ዘመን ካህን ሆኖ የኖረ ሽማግሌ፣ «ና ልንገርህ፣ የተጠራኸው ለዚህ ነው» አላለውም። «ሂድና ተኛ፤ ከጠራህ ባሪያህ ይሰማልና ተናገር በለው» ብሎ መለሰው።

ሳሙኤል የእግዚአብሔር ድምፅ የሰው መስሎት ነበር። አንተ ደግሞ የሰው ድምፅ፣ ያውም የምትወዳቸው ሰዎች ድምፅ፣ የእግዚአብሔር ይሆን እንዴ ብለህ ተጨንቀሃል። ሊሆን ይችላል። እግዚአብሔር በእናትም በቄስም ይናገራል። ግን እናትህ አንተን መስጠታቸው አንድ ነገር ነው፤ ለቅስና መጠራትህ ሌላ ነገር ነው። የእሳቸው ስጦታ ተፈጽሟል። የተሰጠኸው ለምን እንደሆነ መስማት ደግሞ ያንተ ድርሻ ነው።

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ለእኔ ሳይሆን ለራስህ መልስ። እናትህ በዚህ ጉዳይ ከዛሬ ጀምሮ አንድም ቃል ባይናገሩ፣ ያ ወንድምም ያን ቃል ተናግሮህ ባያውቅ፣ የቄሱ ጥያቄ ዛሬም በውስጥህ ይኖር ነበር? ከኖረ ምን ይመስላል? ፍርሃት ነው? ናፍቆት ነው? በደብዳቤህ ውስጥ ስለ ሁለቱ ሰከንዶች ዝምታ ስትጽፍ ነፍስ ዘርተህበታል። ስለ ቅስና ስትጽፍ ግን የጠቀስከው ሌሎች ያሉትን ብቻ ነው። ይህ ጥሪ የለህም ማለት አይደለም። ምናልባት የራስህን ድምፅ እስካሁን ለመስማት ፋታ አላገኘህም ይሆናል። ጥፋተኛ ነኝ የሚል ስሜት ሰውን ብዙ ቦታ ይነዳዋል። አንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሠላሳ ዓመት ደስ ብሎት እንዲያገለግል ግን አያደርገውም።

እኔም ያደግኩት «አገልጋይ» ማለት መድረክ ላይ የሚቆም ሰው ብቻ በሆነበት ህብረት ውስጥ ነው። ነርሷ፣ መምህሩ፣ ሹፌሩ የሚጸለይላቸው እንጂ የሚላኩ አልነበሩም። ይህ አስተሳሰብ ብዙ ሰው ጎድቷል ብዬ አምናለሁ። አንተ አሁን በምትቆምበት ቤት ግን የቆየ ሌላ ወግ አለ። እናትህ «አንግሊካን ደግሞ ምንድን ነው?» ሲሉህ ልትነግራቸው የምትችለው ነው።

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1785 አንድ የ26 ዓመት የፓርላማ አባል ለንደን ውስጥ አንድ ቄስ ቤት ሄደ። ዊልያም ዊልበርፎርስ ይባላል። እምነቱ ገና ያኔ ነው የነደደበት። ፖለቲካ ለነፍስ የማይሆን ቆሻሻ ቦታ ነው ብሎ ሊተወው አስቧል። ሰው እንዳያየው ፈርቶ አደባባዩን አንድ ሁለት ጊዜ ከዞረ በኋላ ነው በሩን ያንኳኳው። የቤቱ ባለቤት ጆን ኒውተን ነው፤ በወጣትነቱ የባሪያ መርከብ ካፒቴን የነበረ፣ በኋላ የአንግሊካን ቄስ የሆነ ሰው። ኒውተን «ተወውና ና፣ እንደ እኔ ሁን» ሊለው ይችል ነበር። ያለው ግን ፓርላማህ ውስጥ ቆይ ነው። ዊልበርፎርስ ቆየ። የባሪያ ንግድን የከለከለው ሕግ የወጣው በ1807 ነው፤ ከዚያች ቀን 21 ዓመት ያህል በኋላ። ባርነትን ራሱን የሚሽረው ሕግ እንደሚያልፍ የሰማው ደግሞ በ1833፣ ሊሞት ሦስት ቀን ሲቀረው ነው።

የኒውተንን ምክር የማከብረው እሱ ራሱ ቅስናን አጥብቆ የሚወድ ሰው ስለነበረ ነው። መጀመሪያ አመልክቶ ተከልክሏል። ስድስት ዓመት ያህል በሊቨርፑል ወደብ የጉምሩክ ሥራውን እየሠራ ጠብቆ በ1764 ነው የተቀባው። ለራሱ ያን ያህል የጠበቀውን ነገር ለሌላው ሰው አልጫነበትም። ያንተንም ቄስ እንዲህ እንድታየው እፈልጋለሁ። «አስበህ ታውቃለህ?» አለህ እንጂ «ተጠርተሃል» አላለህም። ጥያቄውን እንደ ጥያቄ ያዘው።

ስለ ሥራህም ቅርብ ምሳሌ አለ። ከኦክስፎርድ ሰርከስ ትንሽ ወደ ሰሜን ስትሄድ የቢቢሲ ዋና ሕንፃ አለ። አጠገቡ ሹል ጫፍ ያለው ቤተ ክርስቲያን ቆሟል፤ ኦል ሶልስ ይባላል። ጆን ስቶት ከ1950 እስከ 1975 እዚያ ዋና ቄስ ነበር። (አባቱ ታዋቂ ሐኪም ነበሩ፤ ልጃቸው ዲፕሎማት እንዲሆን ስለፈለጉ ቅስናውን አጥብቀው ተቃውመዋል። የወላጅ ምኞት በሁለቱም በኩል ሊጎትት ይችላል።) ስቶት ክርስቲያን ሁለት ጆሮ ያስፈልገዋል ይል ነበር። አንዱ ቃሉን ይሰማል፤ ሌላው የዘመኑን ሰው ይሰማል። የሚታዘዘው ለቃሉ ነው። ሰውየውንም ግን ጩኸቱን እስኪረዳ ድረስ መስማት አለበት። ስቶት ወጣት ባለሙያዎችን ሰብስቦ መጽሐፍ ያነብና ይወያይ ነበር፤ ፊልምና ቲያትርም አብረው ያዩ ነበር። በ1982 ደግሞ ምእመናን እምነታቸውን ከሥራቸውና ከዘመናቸው ጋር የሚያገናኙበትን ተቋም ለንደን ውስጥ አቋቋመ።

አሁን ያንን የድራማ ትዕይንት አስበው። አንዲት ሴት ከማልቀሷ በፊት ለምን ዝም እንዳለች ግማሽ ቀን የተከራከርክ ሰው ነህ። ይህ ሁለተኛው ጆሮ ነው። በሥራ ቀን የምትማረው ነገር እሁድ ስትሰብክ ወጣቶቹ ዓይናቸውን ከስልካቸው እንዲያነሱ ያደርግ እንደሆነ እስቲ አስተውል። ያ ባልደረባህም ለምን ወደ አንተ መጣ? ለንደን ውስጥ ቄስ ሞልቷል። እሱ ግን የሚያውቀው አንተን ነው።

ይህን ስል ያ ወንድም የጠየቀህን ጥያቄ ባዶ ነው ማለቴ አይደለም። አነጋገሩ ሊያስከፋ ይችላል፤ ጥያቄው ግን ያስፈልጋል። ለእናትህ የማታሳያቸው ትዕይንት ምን ዓይነት ነው? ኃጢአትን እንደ ኃጢአት የሚያሳይ ታሪክ አለ። መጽሐፍ ቅዱስም የዳዊትንና የቤርሳቤህን ታሪክ አልደበቀም። ሰውን ገላ ብቻ አድርጎ የሚሸጥ ሥራም አለ። ሁለቱን የሚለያቸው አንዳንዴ አርትዖቱ ነው፤ ካሜራው የት ላይ እንደሚቆይና የት ላይ እንደሚዞር። ስለዚህ አንተ ምንም ማድረግ የማትችል ሰው አይደለህም። የማትነካውን ሥራ ከአሁኑ፣ ማንም ሳይጠይቅህ፣ በወረቀት ጻፈው። ሁለት ሦስት መስመር ይበቃል። አዲስ ሥራ ስትቀበል መጀመሪያ ስክሪፕቱን አንብብ። ከመስመሩ የሚያልፍ ካለ ውል ከመፈረምህ በፊት ለፕሮዲዩሰሩ በትሕትና ንገረው። አንዳንድ ሥራ ያመልጥሃል፤ ይሄን እወቅ። ያን ወረቀት ደግሞ ለዚያው ወንድም አሳየውና «አብረኸኝ ጸልይ» በለው። ሌሊቱን እንቅልፍ ያሳጣህ ሰው የጸሎት ጓደኛህ ሊሆን ይችላል።

ወደ ተከፋፈለችው ቤተ ክርስቲያን ልምጣ። የካቲት 2023 ጠቅላላ ጉባኤዋ ለተመሳሳይ ፆታ ጥንዶች የሚደረገውን ጸሎት ደገፈ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ በመደበኛ አምልኮ ውስጥ መጠቀም ተፈቀደ። የጋብቻ ትምህርቷ ግን አልተቀየረም። ከወንጌላውያኑ ውስጥ ጥለው የወጡ አሉ። ቆይተው አቋማችንን የሚጋራ ጳጳስ ይመደብልን የሚሉ አሉ። ውሳኔውን የደገፉም አሉ። «ልውጣ ወይስ ልቆይ» የሚለው ጥያቄም አዲስ አይደለም። በ1966 ታዋቂው የለንደን ሰባኪ ማርቲን ሎይድ ጆንስ ወንጌላውያን ልዩ ልዩ አቋም የተደባለቀባቸውን ቤተ ክርስቲያናት ትተው እንዲሰባሰቡ ሲጠራ፣ ስብሰባውን ይመራ የነበረው ስቶት እዚያው መድረክ ላይ ተቃወመው። በዓመቱ እንግሊዝ ውስጥ ኪል በሚባል ቦታ የተሰበሰቡት የአንግሊካን ወንጌላውያን እንቆያለን፣ በቤተ ክርስቲያናችንም በአገራችንም ጉዳይ እንገባለን አሉ። ሁለቱም ወገን እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው ነበረበት።

ለአንተ ልዩነቱ ይኸውልህ። ምእመን ሆነህ ስትቀመጥ ይህን ጥያቄ ይዘህ መኖር ትችላለህ። ስትቀባ ግን ለጳጳስህ በሕጋዊና በቅን ነገር ሁሉ እንደምትታዘዝ ትምላለህ። ስለዚህ ከመሐላው በፊት ቄስህን በግልጽ ጠይቀው። «አንተ እንዴት ነው የምትኖርበት? ምን ላይ እምቢ ብለሃል? ምን ከፈልክ?» በለው። እግረ መንገድህን ደግሞ ቀርበህ የምታውቀው፣ ይህ ጉዳይ የገዛ ሕይወቱን የሚነካ ክርስቲያን ካለ ስማው። ልትስማማ አይደለም። ቄስ የሚሆን ሰው አቋሙ ማን ላይ እንደሚያርፍ ሳያውቅ አቋም ሊይዝ አይገባም ብዬ ነው።

አሁን ወደ ተግባሩ። ብዙ ሰው እንደሚመስለው ምርጫህ ሁለት ብቻ አይደለም። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከ1866 ጀምሮ ሳይቀቡ የሚሰብኩና የሚያስተምሩ ፈቃድ ያላቸው ምእመናን አሉ። አንተ ግማሹን እየሠራኸው ነው። ደመወዝ የሚከፈላቸውን ሥራ ሳይለቁ ተቀብተው የሚያገለግሉ ቄሶችም አሉ። መተዳደሪያቸው ሙያቸው ነው። ስልጠናውም ሁሌ ሥራ ማቆምን አይጠይቅም። ለንደን ያለው ቅዱስ ሜሊተስ ኮሌጅ ከ2007 ጀምሮ ትምህርትንና አገልግሎትን አጣምሮ ያሠለጥናል። የማታና የቅዳሜና እሁድ ትምህርት ያላቸው ሌሎችም አሉ። ለዚህ ሁሉ የሚወስደው በር አንድ ነው፤ በቄስህ በኩል ከሀገረ ስብከቱ የጥሪ አማካሪ ጋር መነጋገር። እነሱ ቀስ ብለው ይሄዳሉ። ደጋግመው ያናግሩሃል፤ ሕይወትህን ይጠይቁሃል፤ ከዚያ በአገር ደረጃ ሁለት ጊዜ ትገመገማለህ። ቢያንስ አንድ ዓመት ሊወስድ ይችላል። ከማን ጋር ብትጀምረውም መካከል ላይ «አይ፣ የእኔ አይደለም» ብለህ ማቆም ትችላለህ። ማንም አያሳፍርህም። ሐሳቤን ከጠየቅከኝ፣ ይህን ንግግር ጀምር እላለሁ። ስለተወሰነ አይደለም። እዚያ ያሉት ሰዎች እንደ ዔሊ «ሂድና ተኛ፤ እንደገና ስማ» ለማለት የተቀመጡ ስለሆኑ ነው።

ገንዘቡን ደግሞ አትሽሸው። ሙሉ ጊዜ የሚያገለግል ቄስ የሚያገኘው ቤትና መተዳደሪያ ነው። መተዳደሪያው ዛሬ ከምታገኘው ያንስ እንደሆነ ጠይቀህ እወቅ። በስልጠናው ዓመታት ለቤት ኪራዩና ለእህትህ የምትልከው ሊቀንስ ይችላል። እህትህ ኮሌጅ ለመጨረስ ስንት ዓመት ቀራት? እናትህ ቅስናውን ሲመኙልህ ይህን ሂሳብ አያውቁትም። አንተም ፍቅርህን እንዳይጠራጠሩ ብለህ ሳትነግራቸው አልቀረህም። ንገራቸው። ምናልባት «እኔ ሽሮ እበላለሁ፣ አንተ ሂድ» ይሉሃል፤ እናት ናቸው። እህትህ ግን ምን ትላለች? እሷም ትጠየቅ።

ስለ እናትህ አንድ ነገር ጨምሬ ላብቃ። ይህን ወሬ በስልክ አትጨርሰው። በስልክ እሳቸው ያለቅሳሉ፤ አንተ ትሸነፋለህ ወይም ትቆጣለህ። አገር ቤት ስትሄድ ቡናው እየተፈላ፣ ረጋ ብለህ ተናገር። መጀመሪያ ስለዚያ ጊዜ እንዲያወሩህ ጠይቃቸው፤ ስለ ሦስቱም፣ ስለ ጸሎታቸውም። ምናልባት ጠይቀሃቸው አታውቅም ይሆናል። ከዚያ ስለ ባልደረባህ ንገራቸው፤ በሩን ዘግቶ «ጸልይልኝ» ስላለህ ሰው። ይህን ቀን እሳቸው አላዩትም። መካነ ኢየሱስ ያሳደገቻቸው ሴት ናቸውና ቄስ ጉዲና ቱምሳንም አንሳላቸው። ከመቀባታቸው በፊት ነቀምቴ ሆስፒታል በሽተኛ ያስታምሙ ነበር። እሳቸው ዋና ጸሐፊ በነበሩበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1972፣ ቤተ ክርስቲያኗ ለውጭ አጋሮቿ በጻፈችው ደብዳቤ የሰውን ሥጋና ነፍስ ለያይታችሁ አታገልግሉ ብላ ተሟግታለች። እናትህ ይህን ከእንግሊዞቹ ታሪክ ይልቅ ቶሎ ይረዱታል።

ከዚያ «እማዬ፣ ስእለትሽ ደርሷል። እኔ የእሱ ነኝ። አሁን የት እንደሚያቆመኝ እየሰማሁ ነው፤ አብረሽኝ ስሚ» በላቸው። ዝም ቢሉ አትቸኩል። ሁለት ሰከንድ ዝምታ ምን ያህል እንደሚናገር አንተ ከእኔ በላይ ታውቃለህ።

ከቄስህ ጋር ከተነጋገርክ በኋላ ጻፍልኝ። የእናትህንም መልስ መስማት እፈልጋለሁ።